ስኮትላንድ ውስጥ የተረሳሁ ዕለት

የአራስ ጥየቃ ስንት ጊዜ ይፈጃል ትላላችሁ? እኔ እስከማውቀው ሰው ሄዶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ገንፎውን ይቀምሳል፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ትንሽ ይከራከራል፣ ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባለቤቴ አስናቀች ግን አትላንታ ያለችውን ልጃችንን ሕይወትን ልታርስ «ለአንድ ወር» ብላ ሄዳ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር።

ለነገሩ ጥፋቱ የማንም አይደለም። የተወለዱት መንታ ናቸው። ወንዱ ሲተኛ ሴቷ ትነቃለች፤ ሴቷ ስትተኛ ወንዱ ለምን ተኛች ብሎ ያለቅሳል። ሕይወት ወደ ሥራ ተመለሰች፣ ባሏ ሺፍቱ የተዘበራረቀ ነው፣ አስናቀች ቲኬቷን አራዘመች፣ ደግማ አራዘመች፣ በመጨረሻ ቲኬት የሚባል ነገር መኖሩም ተረሳ። እኔም ሚኔሶታ፣ ቡርንስቪል ካለው አፓርታማችን በየእሁዱ እየደወልኩ «አይዞሽ፣ ልጆቹ ይቅደሙ፣ እኔ ምንም አልሆንም» እላታለሁ።

ምንም አልሆንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ቅዳሜ የሠራሁትን ምስር ወጥ እስከ ሐሙስ እበላለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራው ሰውዬ «ነገ በረዶ ይጠበቃል» ሲል «ኧረ በቃህ!» ብዬ እመልስለታለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም የለበሰው ክራቫት እንደማይሄድለት ስመክረው ራሴን ያዝኩት። አልጋው ላይ የምተኛው በግራ በኩል ብቻ ነው። ቀኙ እንደተነጠፈ ስለሚቆይ ጠዋት የማነጥፈው ግማሽ አልጋ ነው፤ ብቸኝነት ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሥራዬ የትምህርት ቤት ባስ መንዳት ነው። ጠዋትና ከሰዓት ስልሳ ልጅ ጆሮዬ ሥር ይጮህልኛል። አመሰግናቸዋለሁ። ችግሩ ሰመር ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ጩኸቱም ይቆማል፣ እኔና የአየር ጠባዩ ሰውዬ ፊት ለፊት እንፋጠጣለን።

ሠላሳኛው የጋብቻ በዓላችን ሲደርስ ታዲያ ሕይወት ስጦታ አለኝ አለች፦ በሐምሌ ለአንድ ሳምንት፣ ለእኔና ለእናቷ፣ የስኮትላንድን ጥንታዊ ግንቦችና አትክልት ቦታዎቻቸውን የሚያስጎበኝ ቱር። ከሚኔሶታ ከሚሄዱ ጡረተኞች ጋር ነው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ገባኝ። አስናቀች ስኮትላንድን የምታውቃት በስልኳ ነው። ግንብ ከነጽጌረዳው የሚያሳይ ቪዲዮ ካገኘች ድስቱ ቢያርር አትሰማም። እኔ ያረረውን እየበላሁ፣ እሷ «እየው እስቲ፣ እየው! ይሄን አጥር ማን ከርክሞት ነው?» እያለች ስንት እራት በልተናል።

ለመነሳት አንድ ሳምንት ሲቀረን ደወለች።

«ሴቷን ልጅ ጆሮዋን አሟታል። ትኩሳት አላት። ጥያት ልሄድ አልችልም።»

«እና?»

«አንተ ሂድ።»

«ያላንቺ?»

«ምን ችግር አለው? በቪዲዮ እየደወልክ ታሳየኛለህ።»

«እሺ፣ ምንም ችግር የለም» አልኩ።

እዚህ ላይ «ችግር አለ» ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ እንዲህ ያለው ነገር ከአፌ አይወጣም። መኪና ሲበላሽብኝ፣ ጥርሴን ሲያመኝ፣ እናቴ ስትሞት ሁሉ «ምንም ችግር የለም» ነው ያልኩት።

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ጎማ ቤት ያለው ወዳጄ ገመቹ የመኪናዬን ጎማ እየፈታ ነገሩን ሲሰማ ቀና አለ።

«ብቻህን? የአበባ ቦታ?»

«አዎ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ጎማ ለመቀየር ብቻውን ይመጣል። አበባ ለማየት ብቻውን ይሄዳል እንዴ?» አለና ጥቂት አስቦ «ለማንኛውም ወፍራም ጃኬት ያዝ፤ እዚያ አገር ብርድ ነው አሉ» ብሎ ጨመረ።

ያዝኩ። በጥር ወር ባሱን ከመቀስቀሴ በፊት በረዶ የምጠርግበትን፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሰውን ጃኬት ያዝኩ።

ኤዲንብራ አውሮፕላን ማረፊያ ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች፣ ሞራግ የምትባል ደስተኛ አስጎብኚ ተቀበለችን። አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለውን የስም ካርድ አደለችን። ከእኔ በቀር ሁሉም ባልና ሚስት ነው። አርባ፣ ሃምሳ ዓመት አብረው ከመኖራቸው የተነሳ የሚመሳሰሉ፣ አንድ ዓይነት ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ሞራግ ሁለት ካርድ ሰጠችኝ።

«ሚስትህስ?»

«አትላንታ ናት።»

«መቼ ትደርሳለች?»

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ዝርዝሯ ላይ የተጻፍነው ሃያ ሁለት ነን፤ ባሱ ላይ ያለነው ሃያ አንድ። ስለዚህ ሞራግ በየማቆሚያው ስትቆጥር መጨረሻ ላይ ግር ይላታል። «አንድ ጎደለ… አሃ፣ የቀረችው ሴትዮ ናት!» ትልና ለሾፌሩ አውራ ጣቷን ታሳየዋለች። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ መዘዝ ያመጣል።

የመጀመሪያው ግንብ ደረጃ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠመዘዝ፣ ጠላት ጎራዴ እንዳይመዝበት ሆን ተብሎ የጠበበ ነው አሉን። ጠላትን እንጃ፣ የእኔን ጃኬት ግን አላሳለፈም። መሃል ላይ ተቀረቀርኩ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለኝ። ከኋላዬ የነበረው የሴንት ፖል ጡረተኛ፣ ቦብ የሚሉት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያለ ሲገፋኝ፣ ሚስቱ ካሮል ደግሞ እሱን ስትገፋ፣ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሬ የጌቶቹ መኝታ ቤት ውስጥ ወደቅሁ። ሞራግ ሳትደነግጥ ማብራሪያዋን ቀጠለች። የግንቡ ጌታና እመቤት የሚተኙት በተለያየ ክፍል ነበር፤ በመካከላቸው አርባ እርምጃ የሚሆን አዳራሽ አለ። ጡረተኞቹ «አርባ እርምጃ!» እያሉ ተሳሳቁ። እኔ ከወለሉ ላይ እየተነሳሁ፣ በእኔና በአስናቀች መካከል ስንት ስቴት እንዳለ ቆጠርኩ።

ሌላው ጣጣ ፎቶ ነው። ራሴን ሳነሳ ወይ ግንቡ ይቀራል፣ ወይ ግንባሬ። ካሮል አዝናልኝ «ቁም፣ እኔ ላንሳህ» አለችኝ። አንስታ ስታሳየኝ እኔ ከበሩ በግራ በኩል ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፣ በቀኜ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። «ለምንድነው መሃል ላይ የማትቆመው?» አለችኝ። በሌላ ግንብ ደገምን፤ አሁንም ግራ ጥግ። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የቆምኩት፤ እግሬ ሌላ ቦታ አያውቅም።

አራተኛው ቀን ላይ ጉዱ ደረሰ።

የዚያን ቀኑ ግንብ ስም ቢነግሩኝም ምላሴ እምቢ ስላለኝ ትቼዋለሁ። ትልቁ ነገሩ አትክልት ቦታው ነው። ከሰው ቁመት በእጥፍ በሚበልጥ የድንጋይ አጥር የተከበበ፣ አንድ የእንጨት በር ብቻ ያለው፣ ውስጡ ጽጌረዳ፣ ጽጌረዳ፣ አሁንም ጽጌረዳ። ፒር የሚባሉት የፍራፍሬ ዛፎች ሳይቀሩ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሞራግ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሱ ይነሳል» ብላናለች። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነበረኝ። ጥግ ላይ ጣሪያ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና በቪዲዮ ደወልኩ።

አስናቀች ወንዱን ልጅ ታቅፋ ብቅ አለች። ጸጉሯን አልተሠራችም። ከስታለች። ወይም ስልኩ ነው።

«ውይ! ውይ! አዙረው እስቲ! ያ ቢጫው ምንድነው?»

አዞርኩላት።

«ቀረብ አርገው! አጥሩን አሳየኝ! አንተ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ!»

«ብርድ ነው።»

«ሐምሌ አይደለም እንዴ? ያንን ጃኬት ለብሰህ ደግሞ… ወይኔ ልጄ! ቆይ፣ አንዴ ቆየኝ፣ ሴቷ ከሶፋ ላይ ልትወድቅ ነው!»

ስልኩን በጀርባው አስቀምጣው ሮጠች። እኔ የሚታየኝ የሕይወት ሳሎን ጣሪያ ሆነ። ነጭ ጣሪያ፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ። ከሩቅ የሁለት ልጅ ለቅሶና የአስናቀች «እሹሩሩ» ይሰማል። ቆየኝ ተብያለሁና ቆየሁ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ዓለም በሙሉ ሊያየው የሚመጣው ጽጌረዳ በግራና በቀኜ ተደርድሮ፣ እኔ የአትላንታን ማራገቢያ ሳይ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እሹሩሩዋን መስማት ደስ ይል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እቤታችን ሆና ከጓዳ የምትሰማኝ መስሎኝ ነበር።

በመሃል የሆነ ነገር ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ዞር አላልኩም። ከዚያ ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፋ።

ቀና ስል ሰው የለም። ወደ በሩ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ገፋሁት፣ ደበደብኩት። «ሰው የለም ወይ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሰው ሲጨንቀው የሃያ አምስት ዓመት እንግሊዝኛው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

አስቡት። እኔ እኮ በየቀኑ ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ባሱን እስከ ኋላ ድረስ ሄጄ፣ ወንበር በወንበር ጎንበስ ብዬ፣ የተኛ ልጅ መኖሩን ሳላረጋግጥ የማልወርድ ሰው ነኝ። አንድም ልጅ ረስቼ አላውቅም። እኔን ግን ባስ ረስቶኝ ሄደ። እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ሞራግ ልትቆጥር ስትጀምር ዝናብ ጣለ፤ ሁሉም እየተሯሯጠ ገባ። አንድ ሰው «እዚህ ጋ ባዶ ነው» ሲላት፣ «አዎ፣ እሷ የቀረችው ሴትዮ ናት» ብላ ለሾፌሩ አውራ ጣቷን አሳየችው። ሌላው ሁሉ «ባሌስ? ሚስቴስ?» የሚል ሰው አለው። ስለ እኔ የሚጠይቅ ማን አለ? የቀረችው ሚስቴ ሆኜ ተቆጠርኩ።

ከግማሽ ሰዓት ጩኸት በኋላ በመስታወት ከተሠራው የችግኝ ቤት ኋላ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ወጣ። ቆቡ እስከ ቅንድቡ ወርዷል፣ ጋሪ ይገፋል። ስሙ ኢየን እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። ልቅፈው ምንም አልቀረኝ።

«ባሱ ሄዷል?» አልኩት።

«አይ» አለኝ።

ተመስገን! «ታዲያ እየጠበቀኝ ነው?»

በሐዘኔታ አየኝና በሩን በቁልፉ ከፍቶ ሜዳውን አሳየኝ። ባስ የሚባል የለም። ሰውዬው ለምን እንደዋሸኝ አልገባኝም፤ በልቤ ቀየምኩት። እውነቱ ግን፣ እዚያ አገር «አይ» ማለት «አዎ» ማለት ነው። ይህንን ያወቅሁት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ኢየን ከመሣሪያ ቤቱ ስልክ ደወለ፤ የግንቡ ቢሮ ተዘግቷል። መልእክት ተወ። የእሱ ቻርጀር ለእኔ ስልክ አይሆንም። የሞራግ ቁጥር ያለበት ወረቀት ባስ ላይ ቀርቷል። ከዚያ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ነው መሰለኝ የአበባ መቀስ ሰጠኝና ወደ ጽጌረዳዎቹ እያመለከተ ረጅም ነገር ተናገረ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት «መቁረጥ» እና «ቅዳሜ» የሚሉትን ነው። ለማረጋገጥ አንድ የጠወለገ አበባ ነካሁ።

«ይህን ልቁረጥ?»

«አይ» አለ፣ ራሱን ወደ ታች ወደ ላይ እየነቀነቀ። ራሱ አንድ ነገር ይላል፣ አፉ ሌላ።

እንደ ቡና ስኒ የፈነዳ፣ የዝናብ ጠብታ ያዘለ ሮዝ አበባ ነካሁ። «ይህንንስ?» ስለው ግን የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠርቶት ወደ መሣሪያ ቤቱ ሄዷል። እኔ የማመዛዝን ሰው ነኝ። የጠወለገው አይቆረጥ ከተባለ፣ የሚቆረጠው ያልጠወለገው ነው። ጃኬቴን ጠቅልዬ አስቀመጥኩና ገባሁበት። ሥራ ስጀምር ደግሞ አልለግምም። ሻዩን በሁለት ኩባያ ይዞ ሲመለስ አንድ መስመር ጨርሼ ሁለተኛውን አጋምሼ ነበር። የጠወለጉት ብቻ ቀርተዋል።

ቆመ። ሻዩ በኩባያው ጠርዝ ላይ ፈሰሰ። ቆቡን አወለቀ።

«ለቅዳሜው ውድድር ነበሩ» አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር፣ እግዜር ሲፈርድብኝ፣ ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኩባያዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። መሬት ይዋጠኝ አልኩ። «የጠወለገውን ‹አይ› አላልከኝም?» ብዬ፣ «አይ» በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁት። ሲገባው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ጎኑን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሻዬን ሰጠኝ። ተቀምጠን ጠጣን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀስ ብሎ፣ እንድሰማው ቃል በቃል፣ «ሚስት አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይ» አልኩት።

በየትኛው ቋንቋ እንደመለስኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሱ ግን በራሱ ቋንቋ ሰማው። ከኪሱ ሲባጎ አወጣና የቆረጥኩትን ሁሉ እቅፍ አድርጎ አሰረው። «ለእሷ ስጣት» አለኝ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ባሱ ተመለሰ። ሞራግ ፊቷ ከካፖርቷ ቀልቶ እየሮጠች ወረደች። ለካ ባሱ አርባ ደቂቃ ከተጓዘ በኋላ ስልኳ ጮኾ ኖሯል። ሕይወት የሰጠቻትን ቁጥር ይዛ፣ ከአትላንታ፣ በዚያች በምታፍርባት እንግሊዝኛዋ፣ አስናቀች ራሷ።

«ባሌን ቁጠሩልኝ! ብላ ጮኸችብኝ» አለችኝ ሞራግ። «አለ፣ ሁሉም አሉ ስላት፣ ስሙን ጥሪና ሲመልስ አሰሚኝ አለችኝ። ጠራሁህ… የሚመልስ የለም።»

ባስ ውስጥ ስገባ ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። ቦብ ከነቆቡ ተነስቶ ትከሻዬን መታኝ። አበባውን የት እንደማደርገው ግራ ገባኝና ከጎኔ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ቀበቶ አሰርኩለት። ማንም አልሳቀም።

ሆቴል እንደደረስን ስልኬ ነፍስ እስኪዘራ አልጠበቅሁም፤ አስናቀች የደወለችበትን ቁጥር ከሞራግ ተቀብዬ ከእንግዳ መቀበያው ስልክ ደወልኩ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አለች። «ስመለስ ስልኩ ጨለማ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ! የሆነ ገደል ገብተህ… ለመሆኑ ለምን አልዘጋኸውም? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጣሪያ ታያለህ?»

«ትመለሻለሽ ብዬ ነዋ።»

በር ስትዘጋ ሰማሁ። የልጆቹ ድምፅ ራቀ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ምንም አልሆንም ነው የምትለኝ» አለች። «ይቅደሙ፣ አይዞሽ፣ ምንም ችግር የለም። እኔ ደግሞ ሰውዬው ተመችቶታል፣ አልፈለገኝም ብዬ ስንቴ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ነይ» አልኳት።

«ምን? አይሰማም።»

«ነይ!» አልኩ። «ነይ! ነይ!»

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ደንግጣ መጣች። «ነይ» ደግሞ እነሱ ዘንድ እምቢ ማለት ነው አሉ። አንድ አበሻ ስልክ ላይ እያለቀሰ እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ ሲል ያየች ልጅ ምን ታድርግ? ብርጭቆ ውኃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ።

አስናቀች መስከረም ላይ ልጆቹ የሕፃናት መዋያ ሲገቡ እመጣለሁ አለች። አበባውን አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት አይቻልምና ለዚያችው ልጅ ተውኩላት። ቡርንስቪል ተመለስኩ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ከሁለት ዓመቱ ይልቅ ረዘመብኝ። ከዚህ በፊት ማንንም አልጠብቅም ነበር፤ አሁን መጠበቅ ጀመርኩ። ቤቱን ሦስት ጊዜ አጸዳሁ። የአየር ጠባዩን ሰውዬ ድምፁን ቀነስኩበት።

የመጣችው ሐሙስ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ የከሰዓቱ ጉዞ አለብኝ፤ የሚተካኝ ሾፌር አላገኘሁም። ገመቹ ነው ጎማ ቤቱን ዘግቶ ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣት። ያን ቀን ልጆቹን እንዴት እንዳደረስኳቸው አላስታውስም። ባሱን መልሼ፣ በራሴ መኪና ድራይቭ አድርጌ ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

በሩን ከፈትኩ። ሁለት ሻንጣ መግቢያው ላይ ቆሟል። አስናቀች ሶፋው ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንቅልፍ ያላገኘች ሴት ናት። ጸጉሯ መሃል ላይ ሸብቷል፤ በቪዲዮ አይታይም ነበር። ጃኬት አምጥቼ እግሯ ላይ ጣል አደረግሁላት። ከፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ደክሟታል፣ ትተኛ፣ ሰው እንዲህ ደክሞት አይቀሰቀስም አልኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ታገሥኩ።

ከዚያ፣ ምንም ጉንፋን ሳይኖርብኝ፣ ሳልኩ። አልሰማችም።

ወንበሬን ትንሽ አስጠጋሁና ጠንከር አድርጌ ደገምኩት።